በረዶ ላይ የተቀመጠችው ብልቃጥ

ድንቡሼ! ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፤ ሲወለድ ጉንጩ ብቻ የሚታይ ድቡልቡል ሕፃን ነበርና። ምን ያደርጋል... በዘጠኝ ዓመቱ የደም ካንሰር ይዞት ቆዳና አጥንት ሲቀር እንኳ ስሙ አልለቀቀውም። "ድንቡሼ ነኝ ስላቸው ነርሶቹ ይስቁብኛል" ይላል፣ ራሱም እየሳቀ። አባት ከሞተ ወዲህ ያን ቤት ቀጥ አድርገው የያዙት እናት በልብስ ስፌቷ፣ ታላቅ እህት በላቦራቶሪ ሥራዋ ነበሩ። አንድ የደም ምርመራ ቤቱን አናጋው።

የእህት ሥራ ለጎረቤት ቢያወሩት የሚታመን አይደለም። ዲኤንኤ የሚባለውን፣ የሰውን መልክና ዘር የተሸከመውን ክር አጣጥፋ በዓይን የማትታይ ሣጥን ትሠራለች። ሣጥኗ ብርቱ መድኃኒት ትይዛለች፤ ቁልፏ የሚከፈተው የታመመውን የደም ሕዋስ ስታገኝ ብቻ ነው። ጤነኛውን ሳትነካ ታልፋለች። ግን ሙቀት አይሆንላትም። ከበረዶ ወጥታ ቶሎ ካልተወጋች ቁልፏ ይላላል፤ መድኃኒቱም መንገድ ላይ ፈስሶ ጤነኛውን አካል ይመርዛል። ይህን ነርሶቹ ያውቃሉ። ለእናቷ መንገር ግን ለእህት ትዝም አላላት።

"ታዲያ ከኔ ሥራ በምን ተለየ? አንቺም ክር፣ እኔም ክር!" አለች እናት።

"ያንቺ ስፌት ቢተረተር ሰው አይሞትም፣ እማዬ።"

ሁለቱም ሳቁ። አብረው የሚስቁት የመጨረሻ ሳቅ መሆኑን ማን ይነግራቸው!

መድኃኒቱ ገና ሙከራ ላይ ነበር። ከተመረጡት ጥቂት ሕፃናት መካከል መጀመሪያ የተወጋው ድንቡሼ ነው፤ አጠገቡ የተኛችው ትንሽ ልጅ ተራዋን ትጠብቃለች። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ትኩሳቱ ወረደ። ተነስቶ ተቀመጠ፣ ራበኝ አለ! እናት የምትይዝ የምትጨብጠውን አጣች። "ግን እማዬ፣ ሲገባ ክንዴን እንደ በረዶ ያቃጥለኛል" አላት፤ ይህን ስትሰማ ክንዱን በመዳፏ እያሸች አሞቀችለት።

በሁለተኛው መርፌ ድንቡሼ እህቱን ጠቀሳት። "ዛሬስ አልቀዘቀዘኝም! ጎበዝ ነሽ።" የልጅ ወሬ ነው ብላ ግንባሩን ሳመችው። ሳምንት ሳይሞላ አፉ ቆሰለ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሦስተኛው ጭራሽ አልጋ ላይ ጣለው።

"ሣጥኖቹ ሳይደርሱ እየተከፈቱ ነው። ሥራሽን መርምሪ" አላት ዶክተሩ።

ከዚያ ወዲህ እህት እንቅልፍ የሚባል አላየችም። እጄ ይሆን? የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? እያንዳንዱን ሣጥን በማጉያ መሣሪያ ደጋግማ አየች፤ ሁሉም ደህና ነው። ደህና ከሆነ ወንድሜ ለምን ይሞታል? የፈራችው አልቀረም፤ ድንቡሼ የእናቱን ጣት እንደጨበጠ አሸለበ። ወይኔ... ወይኔ ልጅ!

ከቀብሩ በኋላ እናት የልጇን ሹራብ ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያጽናናኝ" አለች። "ቅዝቃዜው ያመዋል ብዬ፣ ነርሷ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከነበረዶው አልጋው ጋ ትታ ዶክተሩን ስንጠብቅ፣ ከበረዶው አነሳና ጡቴ ሥር ወሽቄ አሞቅለት ነበር። ሊመጡ ሲሉ እመልሳታለሁ። ቢያንስ መርፌው አልበረደውም፣ የኔ ጌታ።"

ለእህት ያኔ ገባት፤ የሣጥኖቹን ቁልፍ ያላላው ያ ሙቀት ነው። ጥፋቱ የእሷ እጅ አልነበረም! ስንት ቀን የታነቀችበት ፍርሃት ወረደላት፤ ወርዶም ከዚያ የባሰ ሆነባት። ይህን ለእናት ምን ብለው ይነግሯታል? ዝም እንዳትልም፣ ዶክተሩ መድኃኒቱ አይሠራም ብሎ ሙከራውን በማግስቱ ሊያቆም ነው። ያቺ አጠገቡ የተኛችው ልጅስ?

"ደግ አደረግሽ፣ እማዬ" አለች እህት።

ጠዋት ዶክተሩ ፊት ቆመች። "ጥፋቱ የኔ ነው። የወንድሜን ሣጥኖች ቁልፋቸውን አላልቼ ነው ያጠፍኳቸው። መድኃኒቱን አታቁሙት። ደግሞ ከእንግዲህ ብልቃጧ አልጋ ጋ አትጠብቅ፤ እርስዎ ሲደርሱ ነርሷ በእጇ ታምጣት።" ከሥራ ተባረረች። ሙከራው ግን ቀጠለ፤ ትንሿ ልጅ ከወራት በኋላ በእግሯ እየዘለለች ከሆስፒታል ወጣች።

ወሬ እግር አለው፤ እህት በተባረረች ሰሞን ከእናት ጆሮ ደረሰ። እህት ወደ ቤት ስትመለስ እናት በሩ ላይ ጠበቀቻት።

"እውነት ነው? ልጄን የገደለው ያንቺ እጅ ነው?"

"እማዬ..."

"እኔ ብርድ እንኳ እንዳይነካው በጉያዬ ሳሞቅለት፣ አንቺ!"

እህት ማለት የምትችለው አንድ ቃል ነበራት፤ ያንን ዋጠችው። "አዎ፣ እማዬ። እኔ ነኝ።"

በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ።

ክፉ የሠራ ቢቀጣ ወግ ነው። በፍቅር በተሳሳተ ላይ ግን ማን ይፈርዳል? ዕድል ሲያዞር የእናት ጉያም ይጎዳል፤ አያድርስ ነው! እህት እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ በእናቷ ደጃፍ ታልፋለች። በመስኮቱ ሥር ቆማ የስፌት መኪናውን ድምፅ ታዳምጣለች። ከተሰማት እናቷ ደህና ናት፤ ዕንባዋን ጠርጋ ትሄዳለች።