ለእያንዳንዱ ቡድን አሥር ደቂቃ

«ውረዱ በያቸው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

አቶ ምንዋጋው ይህን ሲሉ እታገኝ የእጅ ደወሏን ለአራተኛ ጊዜ እየደወለች ነበር። ደወሏ አሥሩ ደቂቃ ማለቁን እንድታሳውቅ ከአንድ ትምህርት ቤት በውሰት የመጣች ናት። መድረኩ ላይ ግን ደወል የሚሰማ አልተገኘም። ከጋዝጊብላ የመጡት አሥራ ሁለት ልጃገረዶች ከበሯቸውን እየመቱ፣ በወገባቸው ያሰሩትን የሻደይ ቅጠል እያወዛወዙ፣ ገና አሁን እንደ ጀመረ ሰው ይጨፍራሉ። ከወጡ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኗቸዋል።

ከመድረኩ ጀርባ አሥራ ሦስት ቡድኖች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከሰሃላ የመጡት የመንገዱን ግማሽ የተጓዙት በእግራቸው ነው። ወሩ ነሐሴ ነውና ሰማዩ ከአሁኑ ጠቁሯል፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ዝናቡ እንደማይቀር የሰቆጣ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚህ አያያዝ ግማሾቹ ቡድኖች ሳይጨፍሩ ሊበተኑ ነው።

እታገኝ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የኪነ ጥበብ አስተዳደር መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ትምህርቱ ስምንት ሳምንት ክፍል ውስጥ፣ ስምንት ሳምንት ደግሞ እውነተኛ ሥራ ላይ ነው። የክፍል ጓደኞቿ ቴአትር ቤትና ሙዚየም ሲመርጡ፣ እሷ «የሻደይን በዓል ከሚያዘጋጀው ኮሚቴ ጋር ልሥራ» ብላ አገሯ ተመለሰች። አባቷ አቶ ጌታሰው ትምህርቷን ለሰው ለማስረዳት ብዙ ደክመዋል። «አስተዳደር ነው የምትማረው» ሲሉ ጎረቤቱ «እሰይ! የወረዳ አስተዳዳሪ ልትሆን ነዋ!» ይላቸዋል። «ኧረ የጭፈራና የዘፈን ነው» ሲሉ ደግሞ «ዘፈን ምን አስተዳዳሪ ያስፈልገዋል?» ይባላሉ። ዛሬ መልሱን በዓይናቸው ሊያዩ ከሕዝቡ መሀል ቆመዋል።

ከአባቷ ይበልጥ የሚያስጨንቋት ግን መምህርት ፅዮን ናቸው። ተማሪያቸውን ሥራ ላይ ሊያዩ ከዩኒቨርሲቲው ድረስ መጥተው፣ ማስታወሻ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። እታገኝ ይህን ልምምድ ካላለፈች ዓመቱን ትደግማለች። የምታልፈው ደግሞ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ምንዋጋው ፈርመው፣ መምህርቷ ውጤት ሲሰጡ ነው።

እጇ ላይ ያለውን ዕቅድ ሦስት ሳምንት ለፍታበታለች። አምስት ዓምድ አለው፤ ተራ ቁጥር፣ ቡድን፣ መግቢያ፣ ደቂቃ፣ መውጫ። ለእያንዳንዱ ቡድን አሥር ደቂቃ። መምህርት ፅዮን ሲያዩት «በጣም ንጹሕ ሥራ ነው» ብለዋት ነበር። ያን ቀን በደስታ ምሳዋን እንኳ ረስታለች።

«ድምፅ ማጉያውን ላስጠፋው» አሉ አቶ ምንዋጋው። «እምቢ ካሉ ደግሞ ሥርዓት አስከባሪዎቹ ያውርዷቸው። ዕቅድ ዕቅድ ነው።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ፣ ጋሼ። ራሴ ላናግራቸው።»

ደረጃውን በሩጫ ወጣች። የቡድኑ መሪ ምስራቅ የምትባል፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ላቧ ኩሏን እስከ ጉንጯ አውርዶታል፤ ጭብጨባዋን ግን አላቆመችም።

«ምስራቅ፣ ደወሉን አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ እኮ!»

«ታዲያ ምነው?»

«እግራችን አለቀ እኮ፣ እታገኝዬ!» አለች ምስራቅ ልታለቅስ እየቃጣት። «ኧረ በማርያም፣ መውረዱን ማን ጠላ? ግን ማን መረቀን? ሳንመረቅ እንዴት እንውረድ?»

እታገኝ እጇ ላይ ያለውን ዕቅድ ቁልቁል አየችው።

እሷ ራሷ አሥራ አንድ ዓመት ሻደይ ጨፍራለች። ከቤት ቤት እየዞሩ ሲጨፍሩ፣ የቤቱ አዛውንት ወጥተው «ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» ብለው ሳይመርቁ ከአንድም ደጅ ተነሥታ አታውቅም። አንድ ዓመት ባለቤቶቹ ገበያ የሄዱበት ደጅ ላይ ጭፈራ ጀምረው፣ ጎረቤት በአጥር ላይ አንገታቸውን አውጥተው እስኪመርቋቸው ድረስ ለባዶ ቤት ሲጨፍሩ ቆይተዋል። ተረከዟ ተልጦ እያነከሰች ነበር የተመለሰችው። ይህን ሁሉ እያወቀች፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዕቅድ ስታወጣ ምርቃት የሚባል ነገር ትዝ አላላትም። ሌላ አገር ያደገ ሰው ቢረሳው አይፈረድበትም። እሷ መርሳቷ ግን አንገበገባት።

ከላይ ሆና ሜዳውን ቃኘችው። መራቂዎቹማ ሞልተዋል! ሦስት አዛውንቶች ከፊት ድንኳን ሥር፣ «የክብር እንግዳ» የሚል ወረቀት በተለጠፈባቸው ወንበሮች ላይ ተደርድረዋል። ያስቀመጠቻቸው ራሷ ናት። ችግሩ የሰቆጣ አዛውንት ሲመርቅ አለመቸኮሉ ነው። በተለይ ከሦስቱ አንዱ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት አንድ ሠርግ ላይ ምርቃት ጀምረው ወጡ ቀዝቅዞ እንደገና መሞቁ እስከ ዛሬ ይወራል። ከእያንዳንዱ ጭፈራ በኋላ መድረኩ ለምርቃት ከቆመ፣ ዝናቡ ይቀድማቸዋል።

መድረኩ ግን ሁለት ደረጃ አለው፤ በግራ መውጫ፣ በቀኝ መውረጃ። እታገኝ ቀኝ ቀኙን አየች። ከዚያ እየዘለለች ወረደች።

«ጋሼ፣ አዛውንቶቹን ከመውረጃው ደረጃ ሥር ላስቀምጣቸው ነው። ቡድኑ ጨፍሮ ወርዶ እዚያ ሲመረቅ፣ የሚቀጥለው ቡድን በግራ ይወጣል። መድረኩ አንድ ደቂቃ እንኳ ባዶ አይሆንም።»

አቶ ምንዋጋው ዓይናቸውን አፈጠጡ። «የክብር እንግዶችን ከድንኳን አውጥተሽ ደረጃ ሥር? ዕቅዱ ላይ የለማ! መምህርትሽ እያዩ አይደለም እንዴ?»

እታገኝ ወደ መምህርቷ ዞር ብላ አየች። ዕቅዱን ይዛ ብትቆም፣ «ተማሪዋ በዕቅዷ መሠረት ሠርታለች» ተብሎ ሊጻፍላት ይችላል። ጥፋቱም አንወርድም ባሉት ልጆች ላይ ይሆናል። ይህን ስታስብ ምስራቅን ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ አሁንም ታጨበጭባለች።

«መምህርቷም ይዩ» አለች እታገኝ። «የተሳሳተው ዕቅዱ ነው።»

ድንኳኑ ሥር ሄዳ አዛውንቶቹን እጅ ነሣች። «እማማ እማዋይሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጆቹ ሳይመረቁ አንወርድም ብለዋል። ደረጃው ሥር መጥተው ይመርቁልኝ?»

እማማ እማዋይሽ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። «ወይ ልጄ! ከጠዋት ጀምሮ ለምን እንደጎለታችሁን ሳስብ ነበር እኮ» አሉ። ወንበራቸውን የሚይዝላቸው ሰው እስኪመጣም አልጠበቁ፤ ራሳቸው አንጠልጥለው ሄዱ። መሪጌታና ሦስተኛው አዛውንትም መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉ።

እማማ እማዋይሽ ከደረጃው ሥር ቆመው ሁለት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ደወል የማይሰሙት የጋዝጊብላ ልጆች ወዲያው ተሰልፈው ወረዱ። ምስራቅ በአዛውንቷ እግር ሥር በርከክ አለች።

«እደጉ፣ ተመንደጉ! ለከርሞ በሰላም ያድርሳችሁ!»

«አሜን!»

አሜን ያሉት ልጆቹ ብቻ አልነበሩም። በዚያ በኩል የቆመው ሕዝብ አብሮ አስተጋባው። በግራ በኩል ደግሞ የአምደወርቅ ቡድን ከበሮውን እየመታ መድረኩ ላይ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሩጫ ሆነ። እታገኝ ደወሏን ኪሷ ውስጥ ከተተቻት፤ አላስፈለገችም። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ለእማማ እማዋይሽ በዓይኗ ምልክት ትሰጣለች፣ እሳቸው ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፣ ቡድኑም ያያቸውና ራሱ ይወርዳል። መሪጌታ እንደተፈራው ምርቃቱን አስረዘሙ። እታገኝ ግን ለዚያም መላ አላጣችም፤ በጣም የደከማቸውንና ማረፍ የፈለጉትን ልጆች ወደ እሳቸው ላከች፣ አንዳንዴም ሁለት ቡድን አንድ ላይ። ልጆቹ እየተመረቁ ዐረፉ። በአማርኛ ተዘፈነ፣ በኽምጥኛ ተዘፈነ፤ ከመድረኩ ዘፈን፣ ከሥሩ አሜን፣ ሜዳው አንድ ትልቅ የቤት ደጅ ሆነ። እታገኝ በትናንቱ ዝናብ ጭቃ ተለውሳ ከግራ ወደ ቀኝ ትሮጣለች፤ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

መጨረሻ የወጡት የሰሃላ ልጆች ናቸው። ተመርቀው ሲነሡ ዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታውን ጣለ። ሕዝቡ እልል አለ። አሥራ አራቱም ቡድኖች ጨፍረዋል፣ አሥራ አራቱም ተመርቀዋል። አቶ ጌታሰው ከሕዝቡ መሀል አንዱን ጎረቤታቸውን በክርናቸው ጎሸም አድርገው «ዘፈን ምን አስተዳዳሪ ያስፈልገዋል አልክ?» ሲሉ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማ።

አቶ ምንዋጋው እየሳቁ መጡ። «አበጀሽ፣ ልጄ! በይ አሁን ሪፖርቱ ላይ 'በዕቅዱ መሠረት ተከናወነ' ብለሽ ጻፊ። እኔም እፈርማለሁ። ስለዚያች ስለመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ማንም አይጠይቅሽም።»

እታገኝ ሳትመልስላቸው እማማ እማዋይሽ ጠሯት።

«አንቺስ? ሁሉም ተመርቆ አንቺ ልትቀሪ ነው?»

«እኔማ ዘንድሮ አልጨፈርኩም፣ እማማ።»

«ከሁሉም በላይ ስትሮጪ የዋልሽው አንቺ አይደለሽም?»

እታገኝ በረከከች። የአዛውንቷ እጅ ራሷ ላይ ዐረፈ። «የምትማሪው ምን እንደሆነ እንጃ» አሉ፣ «ብቻ እጅሽ ያማረ ነው። ሥራሽን ይባርክልሽ። ከፍ በይ!» እታገኝ አሜን ስትል እንባዋ መጣ፤ ደግነቱ ዝናቡም አብሮ መጣ።

መምህርት ፅዮን ጃንጥላቸውን ዘርግተው ደረጃው ሥር ደረሱ። «ዕቅድሽን ስጪኝ፣ ከሪፖርቱ ጋር አያይዘዋለሁ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ቦርሳዋ ውስጥ ንጹሕ ቅጂ ነበራት። እጇ ላይ ያለው ደግሞ ዳርና ዳሩ ጭቃ ነክቶት፣ መሀሉ ተጨማዷል።

«እስክሪብቶ ያውሱኝ፣ መምህር» አለች።

ጃንጥላው ሥር ገባች። ጭቃ የነካውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ «ደቂቃ» የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። በላዩ ላይ «ምርቃት» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ፣ በትንንሹ፣ «ረስቼው ነበር» የሚል ጨመረችና ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።