ከሰንጠረዡ የጎደለች መስመር

ዶን አንሴልሞ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ጭናቸው ላይ የተገመሰ ዳቦ ነበር። በማግስቱ መርማሪ ኢርማ ወደ ኮኪምቦ ኮረብታ ስትወጣ ቤተሰቡ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር።

«ደወሉን አጥፍታ ሄደች» አለ ወንድ ልጃቸው ኤላዲዮ፣ እህቱን ሮሳውራን ሳያይ። «የክሊኒኩ ወረቀት ይኸው። የልብ መቆጣጠሪያው አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ጮኸ፤ ወዲያው በእጅ ጠፋ። እሷ እስከ ስድስት ሰዓት እዚህ ነበረች። እኔ አሥር ሰዓት ላይ ስመጣ በድኑን አገኘሁ።»

«እኔ እያለሁ አልጮኸም!» አለች ሮሳውራ። ስምንት ዓመት አባቷን ስታስታምም ኖራ፣ ያን ቀን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ፈተና ወጥታ ነበር።

ኢርማ ወረቀቱን ከላይ ጀምራ አነበበች።

«አባትሽ የጠዋቱን የደም ግፊት መቼ ነበር የሚለኩት?»

«ከቁርስ ጋር፣ ሁለት ሰዓት ላይ።»

«እዚህ ግን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይላል።»

«አንሴልሞ?» አሉ ጎረቤታቸው ዶኛ ግላዲስ። «እሱን በዚያ ሰዓት የሚቀሰቅሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብቻ ነው!»

ኢርማ ክሊኒኩ ጋ ደውላ ብዙ ጠየቀች። ከዚያ ከሟቹ ጭን ተነሥቶ ሰሃን ላይ የተቀመጠውን ግማሽ ዳቦ አነሳች። «ይኼስ?»

«የታችኛው ዳቦ ቤት ነው» አሉ ዶኛ ግላዲስ። « እንዲህ ያለውን የሚያወጡት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ጠዋት አይጋግሩትም።»

ኢርማ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«መሣሪያው ሰዓት ሲመዘግብ የአገሩን የሰዓት ክልል በምህጻረ ቃል ይጽፍበታል፤ ለክረምት አንድ፣ ሰዓቱ ወደፊት ለሚገፋበት ለበጋ ሌላ። የክሊኒኩ ፕሮግራም ያንን በሰንጠረዥ እያየ ይለውጠዋል። ሰንጠረዡ ውስጥ የክረምቱ አለ፤ አሁን ያለንበትን የበጋውን ግን ማንም አላስገባም። ፕሮግራሙ የማያውቀው ሲመጣበት የግሪንዊች ሰዓት ነው ብሎ፣ የእኛ ከዚያ ስለሚዘገይ ሦስት ሰዓት ይቀንሳል። ቁርሱ ሌሊት የሆነው ለዚህ ነው። ደወሉም የጮኸው ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው፤ ሮሳውራ ከወጣች ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ያጠፋው፣ ይህን ዳቦ ትኩሱን ይዞ የመጣው ሰው ነው።»

ዶኛ ግላዲስ ቀስ ብለው ዞሩ። «ዳቦ የምታመጣለት አንተ ነህ፣ ልጄ።»

ኤላዲዮ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «አባባ ነው አጥፋው ያለኝ። ‹ጩኸቱ አንድ ደቂቃ ከቆየ መሣሪያው እሷ ስልክ ላይ ይደውላል፤ ፈተናዋን ጥላ ትመጣለች። ደህና ነኝ፣ ሂድ› አለኝ። ሄድኩ። ኋላ ወረቀቱ አምስት ሰዓት ሲል... በእሷ አሳበብኩ።»

ሮሳውራ አልጮኸችበትም።

«ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የተፈተንኩት» አለች። «አንዴ ቢጠራ እመጣ ነበር።»

«አባትሽ ያንን ያውቁ ነበር» አለች ኢርማ።