ኦቦ ሁንዴሳ ያላሉት

የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪው ቦና ሞቶ የተገኘው ጠዋት ነው፤ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በተከራየበት ሕንፃ ጓሮ፣ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳው ሥር። በዋዜማው አመሻሽ የጣለው ዝናብ ጓሮውን አጨቅይቶታል። ሬሳው ሲነሳ ኢንስፔክተር ጸሐይወርቅ ጎንበስ ብላ ከሥሩ አፈር ዘገነች። በመዳፏ ላይ ቡን አለ።

የትምህርት ጓደኛው ለሊሴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«የሚያስጨንቀው ነገር ነበር?» ስትል ጸሐይወርቅ ጠየቀቻት።

«ነበር። የሚያጠናው የዚህ አካባቢ ገበሬዎች መሬት እንዴት ለፋብሪካ እንደተወሰደ ነው። አማካሪያችን ዶክተር ፊሊጶስ በታወቁበት መጽሐፍ፣ የቦና አያት ኦቦ ሁንዴሳ ‹መሬቴን ወድጄ ሰጠሁ› ይላሉ። ዶክተሩ አነጋገርኳቸው ባሉበት ዓመት ግን ኦቦ ሁንዴሳ በሕይወት አልነበሩም።»

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«መካኒሳ አቦ ልጆች ሳስጠና። ዝናቡ ሲያባራ መጥቼ አንኳኳሁ፤ የሚከፍት ጠፋ።»

ከቦና ጋር የሚኖረው ሃምዛ ፉሪ ሱቅ አለው። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ሱቅ ነበርኩ። ዝናቡ ሲያግደኝ እህቴ ቤት አደርኩ» አለ።

ዶክተር ፊሊጶስ ረጋ ብለው መለሱ። «ትናንት ስለ ጽሑፉ ልናወራ መጥቼ ነበር። ስወጣ ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ቦና በጃንጥላ እስከ ታክሲው ሸኘኝ። ደህና ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ጸሐይወርቅ ሦስቱንም ቦና ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ቦና ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ወድቆ ቢሆን ጭቃ ላይ ነበር የሚያርፈው» አለች። «ከሥሩ ያለው አፈር ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ከዝናቡ በፊት ወድቋል። በዚያ ሰዓት ለሊሴ ከተማሪዎቿ፣ ሃምዛ ከደንበኞቹ ጋር እንደነበሩ አጣርቻለሁ። ታዲያ ዶክተር፣ እርስዎን በዝናብ የሸኘዎት ማነው?»

ፊሊጶስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጊዜ ስጠኝ፣ መጽሐፉን አርመዋለሁ ብዬ ለመንኩት። ‹አያቴን ያላሉትን አስብለዋቸዋል፤ ዛሬውኑ ለትምህርት ክፍሉ እናገራለሁ› ብሎ ስልኩን አነሳ። ልቀማው ስል በረንዳው ላይ ታገለኝ። ገፋሁት።»

«ወርደው አይተውታል?»

«አልወረድኩም። ይተነፍስ እንደሆነም አላውቅም።»

ለሊሴ ቀና አለች። «እኔ በሩን ሳንኳኳ እታች ገና ይተነፍስ ነበር ይሆን?» አለች።

ጸሐይወርቅ ወደ በረንዳው ወጥታ ቁልቁል ጓሮውን አየች።