እስከ ልቡ ያልራሰ ድንጋይ

የመሐንዲስ ሂሻም አስከሬን በኮምቦልቻ፣ በቦርከና ወንዝ ላይ በሚሠራው ድልድይ ሥር ንጋት ላይ ተገኘ። ዘበኛው ሙባረክ በዋዜማው ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ታይቶ ነበርና በካቴና ታሰረ። ከደሴ የተጠራችው ኢንስፔክተር አትጠገብ ግን ከአስከሬኑ ቀጥላ የመረመረችው ፑሚስ የሚባለው ቀላልና ቀዳዳማ ድንጋይ ክምር ነበር።

«ይህ ለምን ይጠቅማል?» ስትል ድንጋይ ነካሪዋን ሳሊሃን ጠየቀቻት።

«ኮንክሪቱ ውስጥ ይገባል። ቀድሞ እስከ ልቡ ውሃ ይጠጣና ሲሚንቶው ሲጠማው ከውስጥ ያጠጣዋል። ያኔ የድልድዩ ወለል አይሰነጠቅም።»

«ሂሻም ድንጋዩ መራሱን በምን ያውቅ ነበር?»

«በመዶሻ ሰብሮ ነዋ። ዳቦም ቢሰጡት ውስጡን ሳያይ አይጎርስም እያልን እንስቅበት ነበር።»

አትጠገብ አንዱን ድንጋይ ሰበረች። ላዩ እርጥብ፣ ውስጡ ደረቅ ነበር።

«ማን አረጠበው?»

ሳሊሃ አቀረቀረች። «ወላሂ አላየሁም። ገና አስከሬኑ ሳይገኝ ስገባ ረጥቦ አገኘሁት። ቧንቧው ደርቋል፤ ውሃ ያለው በቦቴው ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ ከኃላፊያችን እጅ አይወጣም።»

«ይህን እያወቅሽ ሙባረክ ሲታሰር ዝም አልሽ?»

«እንጀራዬ ነው፣ እትዬ።»

የሥራው ኃላፊ ጸጋው ረጋ ብሎ መለሰ። «ትናንት ሲመሽ እዚሁ ተሰነባበትን። ዘበኛው ግን ቂመኛ ነው።»

«ተኝተህ አገኘሁህ ብሎ ተቆጣኝ፤ እውነቱን ነው» አለ ሙባረክ። «እኔ ከታሰርኩ ግን እናቴን ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት የለም።»

አትጠገብ ሦስቱንም በክምሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሂሻም ድንጋይ እንደሚሰብር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ላዩን ብቻ ማርጠብ እርሱን አያታልለውም። ያረጠበው ሰው ታዲያ ለምን ደከመ? ሂሻም ዳግመኛ እንደማይሰብር ስላወቀ ነው። አስከሬኑ ሳይገኝ ይህን ማን ሊያውቅ ይችላል? የገደለው ብቻ። ውሃው የመጣው ከቦቴው ነው፤ ቁልፉም ያለው እርስዎ ዘንድ ነው፣ አቶ ጸጋው።»

ጸጋው የቦቴውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ክምሩ ላይ አስቀመጠው።

«ለአለቆቼ የኮንክሪት ሙሌቱ ነገ ነው ብዬ ምዬ ነበር። እርሱ ድንጋዩ ሳይነከር አይሆንም አለ። የድልድዩ ጠርዝ ላይ ቆመን ገፈተርኩት። ሲወድቅ አልሞተም፤ ስሜን ይጠራ ነበር። እንዳልሰማው የቦቴውን ሞተር አስነሣሁ።»

የሙባረክ ካቴና ተፈታ። እርሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«የሞተሩን ድምፅ ሰምቼዋለሁ» አለ። «ሥራ ነው ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ።»