በመቃብሩ ስም የዋሸው ቁም ጸሐፊ

ጠጋ ጠጋ በሉ። የመንደሩን ስም ግን አትጠይቁኝ።

ድሮ ነው። ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ነው። አንድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቱ ይመለሳል። መንገዱ ቀጭን ነው፤ ግራና ቀኙ ጥድ ነው፤ ሰውዬው ብቻውን ነው። መሪጌታ እንግዳሸት ይባላል፤ ብራና ጸሐፊ ነው፤ እጁ ሲጽፍ ያምራል።

ይሄ ሰው ምን አድርጎ ነበር መሰላችሁ? ሊቃውንት ከከተማ መጡና “የጥንት ዜና መዋዕል የለዎትም ወይ?” አሉት። የለውም። የለኝም ማለት ግን አፈረ። አዲስ ብራና ጻፈ፤ ጭስ ላይ ሰቀለው፤ ሲጠቁር “የሦስት መቶ ዓመት ነው” ብሎ ሰጣቸው። ሊቃውንቱ ብራናውን ሳሙት። ሳሙት እኮ!

ታሪኩ እንዲጥም ደግሞ ከሃዲ አስፈለገው። ከመንገድ ዳር ካለ አሮጌ መቃብር ላይ ስም አነሳና “ጌታውን ለጠላት የሸጠ ዘድንግል” ብሎ ጻፈ። ሊቃውንቱም ይሄንኑ በመጽሐፍ አሳተሙት። ከዚያ ወዲህ ከዘድንግል ዘር ጋር የሚጋባ ጠፋ። የልጅ ልጆቹ ሁሉ “የከሃዲ ዘር” ተባሉ።

እንግዲህ በዚያ ሌሊት እንግዳሸት ይሄዳል። ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቆመ፤ ኮቴው ቆመ። ሄደ፤ ኮቴው ሄደ። ቀጥሎ ጭስ የጠጣ ብራና ሸተተው። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ትንፋሽ አንገቱ ላይ አረፈ። እግሬ አውጪኝ አለ! ሮጠ፣ ሮጠ፤ ቀና ቢል ከዘድንግል መቃብር አጠገብ ነው። እንደገና ሮጠ። የት ደረሰ? እዚያው መቃብር አጠገብ!

“እንግዳሸት፣ ምን አድርጌህ ነው?” አለው አንድ ድምፅ።

“ማረኝ አባቴ!”

“ስሜን መልስልኝ።”

“እመልሳለሁ! ሲነጋ እሄዳለሁ!”

ያኔ መንገዱ ለቀቀው። ቤቱ ገብቶ ሁሉንም ለሚስቱ ለወለተ ሃና ነገራት።

ሦስት ቀን ተጉዞ ከተማ ገባ። ከሊቃውንቱ አለቃ እግር ላይ ወድቆ “እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ውሸት ነው!” አለ።

“መሪጌታ፣ መንገዱ አድክሞዎታል፤ ይረፉ” አለው አለቃው።

ብዕርና ወረቀት ለመነ። ዓይናቸው እያየ ያንኑ ጽሕፈት ቁጭ አደረገላቸው። አለቃው አየ፤ ላብ አጠመቀው። በዚያ መጽሐፍ ስንት ክብር አግኝቶበታል! ወረቀቱን አጣጥፎ ሻማው ላይ ለኮሰው።

“እኔ ምንም አላየሁም። እርስዎም አልመጡም።”

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ተመለሰ። መንደሩ ጋ ሲደርስ መሸበት።

ወለተ ሃና ድምፁን ከውጭ ሰማች። “ደረስኩ! በሩ የት ነው?” ይላል። ኩራዝ ይዛ ከፈተች። ባሏ ግድግዳውን እየዳበሰ ቤቱን ይዞራል። በበሩ ፊት ያልፋል፤ በሩን አያየውም።

“እዚህ ነኝ! ኧረ ይግቡ!” ብላ ጮኸች። አልሰማትም። ኩራዙን ከፍ ስታደርግ፣ ሥጋ የሌለው እጅ ክንዱን ይዞታል።

“አላመኑኝም” ይላል እንግዳሸት እያለቀሰ።

“እንግዲያው እስኪያምኑህ እንዙር።”

ነፋስ መጣ፤ ኩራዙ ጠፋ።

ሲነጋ እንግዳሸት የለም። ቤቱን የከበበ ዱካ ብቻ አለ፤ የሁለት ሰው ዱካ። ያንድ ሌሊት እርምጃ ነው፤ ግን እስከ ጉልበት ጠልቋል።

በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም አንድ ሽማግሌ “በሩ የት ነው?” ቢላችሁ፣ እንዳትመልሱለት። ብቻውን አይደለም።