ጠመኔው ያረፈበት ፊት

ልዩ ከማሽኑ ሥር በጀርባዋ ተኝታለች። ከውጭ የሚታየው እግሯ ብቻ ነው። አንድ ሰው መጥቶ አጠገቧ ሲቆም ኤሌክትሪሺያኑ ኦሊቃ መሰላትና ቀኝ እጇን ዘረጋች።

«አስራ ሰባት ቁልፍ አቀብለኝ!»

ቁልፉ መጣ።

«ይሄ አስራ ዘጠኝ ነው። ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?»

ትክክለኛው መጣ። ከዚያ ፒንሳ፣ ከዚያ ጨርቅ ጠየቀች፤ በመሃል ቁጣም ጣል አደረገችበት። እየተሳበች ስትወጣ ግን አንድ የማታውቀው ረጅም ወጣት የመፍቻ ሣጥኑን ታቅፎ ቆሟል።

«አንተ ማነህ?»

«ጋሮምሳ እባላለሁ፣ ከደራ። ጣውላ ይዤ ነበር የመጣሁት... ግን ሥራ ላይ ስለነበርሽ...»

ልዩ በሐፍረትም በሳቅም ልትሞት ደረሰች። እየሳቀችም ቢሆን ግራ እጇን ቶሎ ኪሷ ከተተች። የቀለበት ጣቷን ግማሽ በልጅነቷ የአባቷ መላጊያ ማሽን ወስዶታል። ከዚያ ወዲህ ያ እጅ ስትሠራ በጓንት፣ ሳትሠራ በኪስ ነው። ዕቃ በአንድ እጇ ስለምትቀበል አዳማ ውስጥ ትዕቢተኛ የሚሏት አልጠፉም።

አባቷ ሲያርፉ የእንጨት ሥራ ቤቱ ለእሷ ቀረ። ያገለገለውን ሞልደር ማሽን ገዝታ ያመጣችው እሷ ናት። ጣውላው በአንድ በኩል ይገባና በሌላ በኩል አንዱ ጎኑ ምላስ፣ ሌላው ጎኑ ቦይ አውጥቶ ይመጣል። ምላሱን ቦዩ ውስጥ እያስገቡ ሲደረድሩት ወለል ይሆናል። ችግሩ፣ ማሽኑ አንድም ቀን ልክ ሠርቶ አያውቅም።

የጋሮምሳ ጣውላ ዋንዛ ነው። ዛፉን የተከሉት እናቱ ናቸው። እሳቸው ባረፉ በዓመቱ ነፋስ ጣለው፤ አባትና ልጅ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ በቼይንሶ ሰንጥቀው በጥላ አደረቁት።

«ወለሉ ለየትኛው ቤት ነው?»

«ለራሴ እየሠራሁት ላለው። አባዬ ወለሉ ሳያልቅ ሙሽራ አትገባም ብሏል» አለና አቀረቀረ።

ሙሽራ አለችው ማለት ነው፣ ብላ ደመደመች ልዩ። ደስ አላላትም። ለምን ደስ እንዳላላት ግን ራሷን አልጠየቀችም።

ጋሮምሳ በየማለዳው ከደራ በሚኒባስ እየመጣ አብሯት ማሽኑን አስተካከለ። ቢላዎቹን ሳሉ፤ ወለም ያለውን መሪ ብረት አቀኑ። ሰጋቱራ ፀጉራቸው ላይ እየወረደ ተሳሳቁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣውላዎች ጠቅ ብለው ሲገጥሙ እሷ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ገለቶሚ፣ ልዩ» ብሎ አመሰገናት በለሆሳስ። ስሟን ሲጠራው አዲስ ስም መሰላት።

ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ። ግማሹ ጣውላ ከደራ ጠመኔ ተደርጎበት ነው የመጣው። በቀረው ላይ ልዩ ራሷ ምልክት አደረገች።

«ጠመኔ ያለበትን ፊት ወደ ታች እያደረግህ አስገባ!»

አስገባ። ማሽኑም ጠመኔውን ላጠው። መልካሙን ፊት ሁሉ ወደ ላይ አድርገው መሬት ላይ ሊደረድሩት ሲቀመጡ ግን ግማሹ ከግማሹ አልገናኝ አለ፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ።

«ገልብጠህ ነው ያስገባኸው! ምልክቱ ጉጥ ባለበት ፊት ላይ አይደለም እንዴ?»

«መልካሙ ፊት ላይ ነው እንጂ!»

«ምልክት የሚደረገው የሚደበቀው ላይ ነው! አባቴ እንደዚያ ነው ያስተማረኝ!»

«እኛ ቤት ነውር ላይ ጠመኔ አናባክንም!»

«እንግዲያው ለሙሽራህ እንደዚያ ብለህ ንገራት!»

ጋሮምሳ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የእናቴ ዛፍ እኮ ነው፣ ልዩ... ሌላ የለኝም።»

ወጣ። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም አልመጣም።

ልዩ ምግብ አልበላ አላት። አንድ ጠዋት ከተጣሉት ጣውላዎች መሃል ተንበረከከችና ሁለቱን ከማሽኑ እንደወጡ፣ ጉጣቸውን ወደ ላይ አድርጋ አቀረበቻቸው። ጠቅ! ሦስተኛ ጨመረች፤ ገጠመ። ዘይት በጨርቅ ብትቀባበት ጉጡ ዙሪያ ያለው ቀለም ደመቀ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወለል ሥር ሲቀብሩት የኖሩት ፊት እንዲህ ያምር ነበር! ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በዚያው ቀን ጣውላውን አይሱዙ ላይ አስጭና ደራ ገባች። የጋሮምሳ አባት አቶ ገርባ በር ላይ ተቀበሏት።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ! አንቺ ነሽ ልዩ?»

«እንዴት አወቁኝ፣ አባባ?»

«ከአዳማ በመጣ ቁጥር ከአንቺ ስም ሌላ መች ያወራል?»

ልዩ ተርበተበተች። «ሙሽራዋስ... አትቀየምም?»

«የትኛዋ ሙሽራ?» ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ። «እኔ ለእሱ ቤት አሠራሁት እንጂ ሴት አላገኘሁለትም!»

ጋሮምሳ ሳቁን ሰምቶ ከጓሮ መጣ፤ ሲያያት ደርቆ ቀረ። እሷም ከመኪናው ጣውላ ይዛ ባዶው ክፍል ገብታ ተንበረከከችና ጉጥ ጉጡን ወደ ላይ እያደረገች ደረደረች። ጓንቷን አዳማ ረስታዋለች።

«አልተበላሸም» አለችው። «ጉጣቸው ወደ ላይ የሆነው ለብቻቸው ሲደረደሩ ይገጥማሉ። አንዱን ክፍል በእነሱ፣ ሌላውን በንጹሖቹ... የእናትህ ዛፍ አንድም አይጣልም። ይቅር በለኝ።»

አጠገቧ ተንበረከከ። ከኪሱ ጠመኔ አወጣና ግራ እጇን ያዘ። ልትሸሸው ፈለገች።

«ተው... እሱ እኮ ነውሬ ነው።»

በጎደለው ጣቷ ላይ ቀስ አድርጎ ነጭ መስመር አሰመረ።

«እኛ ቤት ነውር ላይ ጠመኔ አናባክንም» አላት።

በጥር ወር ሽማግሌዎች ወደ ልዩ እናት ሄዱ። ሠርጉ ደራ፣ እዚያው አዲሱ ቤት ሆነ፤ ንጹሑ ክፍል ለእንግዳ፣ ጉጥ ያለበት ለሙሽሮቹ። አቶ ገርባ የሚስታቸውን ነጠላ አምጥተው ለልዩ ሲዘረጉላት፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።