ከሱቅ ሱቅ የዞረው ወረቀት

«ይኸን ሁሉ ዕቃ ፍለጋ ለምን ትዞሪያለሽ? ቁጭ በይ፣ እኔ አስመጣልሻለሁ» አሉና ጋሼ ፈለቀ የዕቃ ዝርዝሩን ወረቀት ከኢክራ እጅ ወስደው ከሱቃቸው ወጡ።

ኢክራ ዱካው ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው ነገሩ የገባት። ወረቀቱን ለማንም እንዳትሰጥ፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በቃሏ እየጠየቀች እንድትገዛ እህቷ ሐጀራ ደጋግማ ነግራት ነበር። እሷ ግን የዱባይ ተራ ገበያ ልጅ ናት። እዚህ ባለሱቅ «የለም» ብሎ ደንበኛ አይሸኝም፤ አስቀምጦ ከጎረቤት ያስመጣል። ጎረቤቱም ከሌለው ወደሚቀጥለው ሱቅ ያሳልፋል። ኢክራ ራሷ ክረምት ክረምት አባቷን ስታግዝ ስንት ዕቃ እንዲህ አመላልሳለች። ስለዚህ ጋሼ ፈለቀ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እጇ ሳያማክራት ሰጠ።

«ባርኔጣውና ውሃ የማያስገባው ቦርሳ እኔ ጋ አለ» አሉ ጋሼ ፈለቀ ተመልሰው። «የውሃ ጫማውና የሩቅ ማያ መነጽሩ ከምስራ ሱቅ አይጠፋም።»

«ወረቀቱስ ጋሼ?»

«እሷ ጋ ነዋ። የሌላትን ለሌላ ታሳልፍልሻለች።»

ሐጀራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዱር እንስሳት ጥናት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ከክፍሏ ልጆች ጋር ለመስክ ጥናት ወደ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ትወርዳለች። የባሕር ወፎች ይቆጥራሉ፤ በጀልባ ወጥተውም ጀርባው ነጠብጣብ የሆነ፣ ሚኒባስ የሚያህል ዓሣ ያያሉ። ለአባቷ የነገረችው ግን ዝዋይ ሐይቅ ብላ ነው። «ያም ውሃ፣ ያም ወፍ። ምን ለየው?» ብላ ኢክራን አግባብታታለች። ኢክራ ነገሩ አልተዋጠላትም፤ ቢሆንም «እሺ» ብላለች።

የሚለየውን ሁለቱም ያውቁታል። የአባታቸው ታናሽ ወንድም ፉርቃን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር ከዚያው ዳርቻ ጀልባ ተሳፈረ። እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። ከዚያ ወዲህ እነሱ ቤት «ጅቡቲ» አይባልም። የአባታቸው ዕቃ የሚገባው በዚያው በኩል ነው፤ እሱ ግን «ዕቃው ወደብ ደርሷል» ይላል እንጂ የአገሩን ስም አይጠራም። ሐጀራ ደግሞ በወረቀቱ አናት ላይ «የጅቡቲ ባሕር ዳርቻ የመስክ ጉዞ» ብላ ጽፋ፣ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ኢክራ ተነሥታ ወደ እትዬ ምስራ ሱቅ ሮጠች።

«ጫማውም መነጽሩም ይኸው» አሏት እትዬ ምስራ። «የግንባር ባትሪ ግን የለኝም። ወረቀቱን ለአባትሽ ላክሁት። ባትሪ ከሱ ወዲያ ማን አለ?»

የአባቷ ሱቅ ጋ ስትደርስ አባቷ ሀያቱ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ መደርደሪያው ላይ ባትሪ ይፈልጋል። ወረቀቱ ለአራት ታጥፎ በሌላው እጁ አለ። ኢክራ ፊቱን አየች። የሽያጭ ፊቱ ነበር፤ ከዚያ ፊት ላይ እንኳን እሷ፣ የመርካቶ ነጋዴም ምንም አያነብም።

«የሐጀራ ነው አይደል?» አለ።

«አዎ አባ።»

«ይኸኛው ውሃ ቢነካውም አይበላሽም።» ባትሪውን መዳፉ ላይ አብርቶ ሞከረው። «ጀልባ ላይ ይወጣሉ?»

ሐይቅ ላይም ጀልባ አለ። የሚጠይቃት ስለ ሐይቁ ይሁን ስለ ባሕሩ መለየት አቃታት።

«እኔንጃ» አለች።

«ዋና እንደማትችል ታውቃለች?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ባትሪውንና ወረቀቱን ሰጣት።

ኢክራ ከገበያው ሕንፃ ደረጃ ሥር ቆማ ለሐጀራ ደወለች።

«ወረቀቱ አባ እጅ ገብቶ ነበር።»

«አነበበው?»

«አላውቅም።»

«ፊቱስ?»

«እንደ ሁሌው ነው።»

«እንግዲያው አላነበበም። ኢኩ፣ በናትሽ እንዳትቀውጪው። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። ስመለስ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ወላሂ።»

«ካልተመለስሽስ?»

ኢክራ ይህን ልትል አላሰበችም፤ አምልጧት ነው።

«አታሟርቺ» አለችና ሐጀራ ስልኩን ዘጋችው።

ብትነግረው ጉዞው ይቀራል፤ ሐጀራ ይህን ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳላትም። ደግሞስ ሐጀራ ምን አጠፋች? ልትማር ነው የምትሄደው። ኢክራ በእህቷም ተናደደች፣ በአባቷም፣ ከሁሉ በላይ በራሷ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ፉርቃንም የወጣ ቀን «ሐዋሳ ሥራ አግኝቻለሁ» ብሎ ነበር። አባቷ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሐዋሳ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ፈልጎታል። አባቷን እስከ ዛሬ የሚያመው ባሕሩ ይሁን የሐዋሳው ውሸት፣ ኢክራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠረች።

ወረቀቱን ዘረጋችው። አባቷ እንደ ባለሱቅ ወግ፣ የተገኘው ዕቃ ሁሉ ላይ ምልክት አድርጎበታል። ከዝርዝሩ መጨረሻ፣ ከሐጀራ ጽሕፈት በታች፣ በራሱ እጅ አንድ ዕቃ ጨምሯል፦ «ተንሳፋፊ ጃኬት፣ አንድ»። ለሐይቅ ይሁን ለባሕር አይልም። አናቱን አንብቦ ይሆን? ወይስ ዝዋይም ውሃ ነው ብሎ ፈርቶ? ወረቀቱን ደጋግማ ብታየውም ከዚያ በላይ ምንም አልነገራትም።

ስትመለስ አባቷ ለአንዲት ሴትዮ ጃንጥላ እየከፈተ ያሳያል። ሴትዮዋ እስክትሄድ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ገብታ ወረቀቱን የባንኮኒው መስታወት ላይ ዘረጋችና አናቱን ወደ እሱ አዞረች።

«አባ፣ ዝዋይ አይደለም።»

አባቷ ወረቀቱን አላየውም፤ እሷን ነው ያየው። «አውቃለሁ» አላለም፤ «ምን?»ም አላለም። እግሩ ሥር የነበረውን ዱካ ወደ እሷ ገፋላት። ኢክራ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረች።